ሰው በቀንበር ሲጠመድ፦ የፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ሕይወትና ሥራ

በአንድ የአማርኛ ፊልም ውስጥ በሬ በሚጠመድበት ቀንበር ሰዎች ተጠምደው ያርሳሉ። ከኋላቸው ሆኖ የሚነዳቸው ባለመሬቱ ነው። ትዕይንቱ ህልም ነው፤ ይሁንና የቀንበርን ክብደትና የጅራፍን ድምፅ ለሚያውቅ ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም።

ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀው የሙያ ዘመናቸው ጨለማውን ታሪክ በህልም፣ በትዝታና በመራራ ቀልድ እያዋዙ ሲያሳዩ ኖረዋል። ከጎንደር የተነሣው ይህ የፊልም ጉዞ የይፋትን ቆላና የአሊዩ አምባን ሰው የሚመለከትበት ምክንያት አለው።

ከጎንደር እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኛ የነበሩ፣ ተውኔት የሚጽፉና የአርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» በተሰኘ መጽሐፍ ያቆዩ ሰው ናቸው። በቤት ውስጥ የምድጃ ዳር ተረት፣ በአደባባይ ደግሞ የአባት ተውኔት የልጅነታቸው ትምህርት ቤት ነበሩ።

ሲኒማ ቤቱ ግን ሌላ ነገር ያስተምር ነበር። ኃይሌ በተለያዩ ጊዜያት እንደተናገሩት፣ እሳቸውና እኩዮቻቸው የ«ታርዛን»ን ፊልም ሲያዩ የሚደግፉት ነጩን ጀግና ነበር። አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲያደቡበት እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ያሳዝናል። አፍሪካዊ ልጅ ራሱን በሚመስለው ሰው ላይ እንዲፈርድ የሚያደርግ የሥዕል ኃይል ምን ዓይነት ነው? የኃይሌ ሥራ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ በ1967 ተዋናይነትን ለመማር ወደ አሜሪካ ቺካጎ አቀኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ። በዚያ ቻርልስ በርኔትን ከመሳሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ጋር፣ የሆሊዉድን አሠራር ወደ ጎን ትቶ የራስን ታሪክ በራስ መንገድ የመተረክ እንቅስቃሴ አካል ሆኑ። በዚህ ዘመን የሠሩት «ቡሽ ማማ» በከተማዋ ድሃ ሠፈር የምትኖር የአንዲት ጥቁር እናት ታሪክ ነው። በፊልሙ መክፈቻ የሚታየው ፖሊስ ሰዎችን አስቁሞ ሲፈትሽ የሚያሳይ ምስል ትወና አይደለም፤ የተፈተሹት የራሱ የፊልሙ ሠራተኞች ነበሩ።

የጭሰኛው ህልም

ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለመቅረጽ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት እ.ኤ.አ በ1974፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት ነበር። ቀረጻው በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠናቀቀ።

ታሪኩ የአንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ካሜራው አይቸኩልም። ቤተሰቡ ሲነሣ፣ ሲያርስ፣ ከብት ሲያግድ፣ ባለመሬቱ ተቀምጦ ሲያዝዝ በዝምታ ያሳየናል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የባለመሬቱን ላም ከወንዝ ሙላት ለማዳን ስትል ራሷ በውሃ ትወሰዳለች። የላሟ ዋጋ ከልጅቷ ሕይወት በልጦ የታየበትን ሥርዓት ለመግለጽ ፊልሙ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም።

በዚህ ጨለማ ውስጥ ሳቅ ይዞ የሚመጣው ከበበ ነው። ለአገር የተዋጋና መሬቱን የተነጠቀ ሰው ሲሆን፣ መንደሩ «እብድ» ይለዋል። ያሻውን ይናገራል፣ ባለመሬቱን ይሳደባል፣ ሕፃናት ይከተሉታል። ሌላው የማይደፍረውን እውነት የሚናገረው እሱ ነው፤ በመጨረሻም ባለመሬቱ በከበበ ዱላ ይሞታል። የአዝማሪንና የአልቃሽን ቅኔ ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። በአገራችን መራር እውነት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቀልድና በሰም ተሸፍኖ ነው።

ፊልሙ ለእይታ ሳይቀርብ አገሩ ተለወጠ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውና ጭሰኝነትን ያስቀረው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። ዕለቱ የፊልም ሠሪው 29ኛ የልደት ቀን ነበር። በፊልሙ የሚታየው ኑሮ በዚያ ቀን በሕግ ታሪክ ሆነ፤ ምስሉ ግን ቀረ። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል የተሸለመ ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላም በአሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በተመሠረተው የፊልም ቅርስ ድርጅት አማካይነት ታድሷል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሣት

ኃይሌ በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ስሙን ያገኘው ከጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ «ተመልሰህ የተውከውን አንሣ» የሚል ሐሳብ አለው። በፊልሙ ዘመናዊት ሞዴል በጋና የባሕር ዳርቻ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ ድንገት ወደ ኋላ ዘመን ትወሰዳለች፤ በእርሻ ላይ የምትሠራ ባሪያ ሆናም ትነቃለች።

ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ቢወዳደርም በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ የፊልም ባለሙያዋ ሺሪኪያና አይና፣ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ጥንዶቹ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጻሕፍት መደብርም ስሙ «ሳንኮፋ» ነው።

እ.ኤ.አ በ2008 ለእይታ የበቃው «ጤዛ» ከ10 ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነው። በጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ወታደሮች ለጦርነት ወጣቶችን ያድናሉ፤ ልጆች በዋሻ ይሸሸጋሉ። ፊልሙ ከአሁን ወደ ቀድሞ፣ ከቀድሞ ወደ ቅዠት የሚዘልለው የሰውየው አእምሮ ስለሚዘልል ነው። «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል።

ለአሊዩ አምባ ምን ይነግራል?

አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋ ደጋ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር የሚገናኝባት የዐርብ ገበያ ነበረች። ከታጁራ የመጡ ግመሎች አሞሌ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በአቅራቢያዋ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ ደግሞ ሰው ይሸጥ እንደነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ስለዚህ የ«ሳንኮፋ» ጥያቄ የጋና ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ የተነዱት ሰዎች ምስልም ሆነ በስማቸው የሚቆም ምልክት ሳይኖራቸው አልፈዋል።

የጭሰኝነት ዘመን ግን ገና ምስክር አለው። አዋጁ ሲታወጅ 15 ዓመት የሞላው እረኛ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። ሲሶ ይከፈል ነበር ወይስ እርቦ? እህሉ በማን ጀርባ ወደ ባለመሬቱ ጎተራ ይሄድ ነበር? የአዋጁን ዜና የሰማው በማሳ ላይ ነበር ወይስ በገበያ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የሚችሉ አባቶችና እናቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲሠሩ ገና ተማሪ ነበሩ፤ የያዙትም ጥቂት ፊልምና ጥቂት ሳምንታት ነበር። ዛሬ በአሊዩ አምባ ገበያም ሆነ በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ የቆመ ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ ድምፅም ምስልም ይቀዳል። በእረፍት ቀን፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ከአያት አጠገብ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ መጠየቅና ሳያቋርጡ ማዳመጥ ይቻላል። ሰው በቀንበር የተጠመደበትን ዘመን ያየ ዓይን ሲከደን፣ ያልተቀዳው አብሮ ይቀበራል።