የሕዝብን አስተያየት በስልክ መለካት ይቻላልን?

ባለፈው ሴሚስተር የምዘና መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። እያንዳንዳችን ስልካችን ላይ ከተመዘገቡት ሰዎች መካከል ለሃያው ደውለን ሁለት ጥያቄ ብቻ እንድንጠይቅ ነው። «ክልላችን በትክክለኛው መንገድ እየሄደ ነው ይላሉ? አገራችንስ?» መልሱን በመቶኛ አስልቶ በሰንጠረዥ ማምጣት፤ በቃ። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

የዘመሮ ልጅ ነኝ። ከደወልኩላቸው ገሚሱ አላነሡም፤ የአንዳንዱ ስልክ ዝግ ነው፣ የአንዳንዱ ኔትወርክ አይደርስም። ካነሡት አንዱ አጎቴ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብለው ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። ጥያቄዬን እንደ ጨረስኩ ጥቂት ዝም አሉና «ማነው ይህን ያዘዘሽ?» አሉኝ። «መምህራችን ናቸው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ደኅና ነው በይ» አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። እኔም በሰንጠረዤ ላይ «በትክክለኛው መንገድ» ከሚለው ሥር አንድ ጭረት ጨመርኩ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ግን እኚሁ አጎቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ስለዚሁ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት አወጉ። ያሉትን እዚህ አልጽፈውም፤ ብቻ «ደኅና ነው» አልነበረም።

ታዲያ ያቺ ጭረት ውሸት ናት ማለት ነው? ይህን ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማለት ሁሉን ሰው መጠየቅ ስለማይቻል ጥቂቱን ጠይቆ ስለ ሁሉ መናገር ማለት ነው። የሚጠየቁት ጥቂቶች ናሙና ይባላሉ። ገብስ የሚሸምት ሰው ይህን ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ክንዱን ሰድዶ ከሥርም ከመካከልም እፍኝ እፍኝ አውጥቶ ያያል። ሻጩ የተበጠረውን ከላይ፣ ግርዱን ከሥር አድርጎት ሊሆን ይችላላ! እዚህ ላይ እፍኙ ትንሽ መሆኑ ሸማቹን አይጎዳውም። የሚጎዳው እፍኙን ሁሉ ከአንድ ቦታ ቢዘግን ነው።

የሒሳብ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡና እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ካለው፣ ሊከሰት የሚችለው ስሕተት በግምት 1 ለናሙናው ብዛት ዳግም ዘር ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1000 ሰው ቢጠየቅ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 3 ያህል ነው፤ 2400 ቢጠየቅ 2 ያህል ነው። ይህም ከ100 ጊዜ በ95ቱ ይሠራል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ የሚጠየቀውን ሰው አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል። ሰው የሚገርመው የአገሩ ሕዝብ ብዛት በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ለመቶ ሚሊዮንም ሆነ ለአሥር ሚሊዮን ሕዝብ ያው 1000 ሰው ያው ስሕተት አለው። ነገር ግን «በዕጣ ከተመረጡ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ስሌቱ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

እሷ ስትጎድል ምን እንደሚመጣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1936 አይተውታል። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት ለመተንበይ ለ10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ከዚህ ተነሥቶ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎ ጻፈ። የሆነው ግን ሮዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበር ስልክና መኪና ያለው ሰው ደኅና ኑሮ ያለው ነው፤ ሮዝቬልትን የመረጠው ሥራ ፈትና ድኻ በመዝገቡ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ከተላከላቸው ውስጥ የመለሱት ከሩብ እምብዛም አይበልጡም፤ ለመመለስ የተነሣሣው ሰውና ዝም ያለው ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ባነሰ ናሙና የሮዝቬልትን ማሸነፍ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። መጽሔቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

በኋላ ስልክ በአሜሪካ ቤት ሁሉ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁጥሩን መጨረሻ አሃዞች በዕጣ እያወጡ መደወል ዋነኛ ዘዴ ሆነ፤ ማውጫ ውስጥ ያልተመዘገበውም ሰው ይደርሰዋል፣ ርካሽም ነው። በየግዛቱ ስለ ግዛቱ ገዥና በአገር ደረጃ ስለ ፕሬዚዳንቱ በስልክ መጠየቅ የተለመደ ሥራ ሆነ። ዛሬ ግን ሰው የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ለስልክ ጥናቶቹ ከተፈለጉት 100 ሰዎች 36ቱ ይመልሱ ነበር፤ በ2018 የመለሱት 6 ብቻ ናቸው። ስልኩ ሁሉ ቤት ገባ፣ ሰውየው ግን ከስልኩ ወጣ እንደ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ስልክ በኢትዮጵያ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው ግን በ1991 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ደንበኞቼ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል ብሏል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ቀረ? ደውሎ መጠየቅ ነው እንጂ!» ሊል ይችላል። ሲም ካርድ ግን ሰው አይደለም። ሁለትና ሦስት ሲም የያዘ አለ፤ በአንድ ስልክ የሚጠቀም ሙሉ ቤተሰብም አለ። ደግሞም 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ባለቤቱ ዘመሮ ይኑር ጅማ ይኑር አይናገርም። ስለ ክልል ፖለቲካ የሚጠይቅ ሰው ለዚህ ነው አስቀድሞ «የት ነው የሚኖሩት?» ማለት ያለበት፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠረጥረው ከሁሉ በፊት ያንኑ ጥያቄ ነው።

በአገራችን በስልክ ከተሠሩት ጥናቶች በደንብ የሚታወቀው የኮሮና ጊዜው ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ቤት ለቤት መዞር ባልተቻለበት ሰዓት የዓለም ባንክ ከ3000 በላይ ቤተሰቦችን በስልክ መጠየቅ ጀመረ፤ እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጊዜው እየደወሉ መላልሰው ይጠይቋቸው ነበር። ጥያቄው የፖለቲካ አልነበረም፤ ሥራ፣ ምግብ፣ የልጆች ትምህርት ነው። ዘዴው ግን ለእኛ ትምህርት አለው። ቁጥሮቹን ከሜዳ አላፈሱም። አስቀድሞ በ2011 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጥናት በአካል ተገኝተው ከተጠየቁት ቤተሰቦች ላይ የወሰዱትን ቁጥር ነው የተጠቀሙት። ስለዚህ ስልክ የሌለው ማን እንደ ሆነ፣ ኑሮውም ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በከተማ ከአሥሩ ቤት ዘጠኙ ያህል ስልክ ሲኖረው በገጠር ግን ከግማሹ በታች ነበር። ያንን ክፍተት ለመሙላት ስልክ ያላቸውን የገጠር ቤቶች መልስ ክብደት ሰጥተው አሰሉት። ይህ ዘዴ ይረዳል፤ ፈጽሞ ያልተሰማውን ሰው ድምፅ ግን አያመጣም። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሣና ስልክ ሲቋረጥ የዚያ ክልል ቤተሰቦች ከጥናቱ ወጡ። ስልክ የሚቋረጠው ደግሞ ሰው የሚናገረው በበዛበት ሰዓት ነው። በእኛም ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የምታስታውሱት ነው።

በቤት ውስጥም ያለው ጣጣ ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ስልኩን የሚይዘው በብዛት አባወራው ነው። ቀን ላይ ቢደወል እርሻ ላይ ነው፤ ማታ ቢደወል ባትሪው አልቋል። «ባለቤትዎን ያገናኙኝ» ቢባል ደግሞ «ምን ፈልገህ ነው?» ይመጣል። ሴትየዋ ብታነሣ እንኳ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እየሰማ ስለ መንግሥት ምን ትላለች? አፍሮባሮሜትር የተባለው በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚያጠና ድርጅት በአካል ቤት እየገባ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። ከእያንዳንዱ ቤት ዕድሜው 18 ዓመት ከሞላው አንዱ ሰው በዕጣ ይወጣል፤ አንዱ ቤት ወንድ ከሆነ ቀጣዩ ሴት ይሆናል።

ይኸው አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ መጀመሪያ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ 2400 ሰዎች ተጠየቁ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ሕዝቡ ለአገሪቱ ዴሞክራሲ የሰጠው ነጥብ ከሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከፍ ያለ ሆነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥቱ መሪ ተለወጠ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ስለዚያ ከፍተኛ ነጥብ ሲጠይቁ ፍርሃት ነው ወይስ አለማወቅ፣ ወይስ ሕዝቡ ዴሞክራሲ ለሚለው ቃል የራሱ ትርጉም አለው ብለው ነበር። ልብ በሉ፤ ናሙናው ትክክል ነው፣ ዕጣው ትክክል ነው፣ ስሕተቱ ከመቶ 2 ነው። ፍርሃት ግን በዳግም ዘር አይሰላም። አፍሮባሮሜትር በጥያቄው መጨረሻ ላይ አንድ የምወዳት ጥያቄ አለችው፤ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» የምትል። መንግሥት ነው ብሎ ያሰበውን ሰው መልስና እንዲያ ያላሰበውን ሰው መልስ ለያይቶ ማነጻጸር ይቻላል። አጎቴ ይህችን ጥያቄ ራሳቸው አስቀድመው ጠየቁኝ እንጂ!

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የመንዝ ሰው ነገረኛ ነው፣ ልቡን አይሰጥም» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ውስጥ ኖሮ «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም ስለዚህ የተሸፈነ አነጋገራችን በሰፊው ጽፏል። እሱ እንኳ ያንን ያየው ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው፤ አምስት ደቂቃ ደውሎ አይደለም። በእኔ አስተያየት ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም። ለማያውቁት ሰው በማያውቁት ምክንያት ልብን ገልጦ መስጠት የትም አገር ቢሆን ብልህነት ተብሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ክልልና ስለ ወረዳ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሩን ሕዝብ 73.8 ሚሊዮን ያህል፣ የአማራ ክልልን 17.2 ሚሊዮን፣ የሰሜን ሸዋ ዞንን 1.8 ሚሊዮን ያህል አድርጎታል። ቆጠራው ያረጀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስላልተካሄደ ናሙና የሚያወጣው ሁሉ መነሻ የሚያደርገው እሱንና በእሱ ላይ የተሠሩትን ግምቶች ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት ከ2400 ሰዎች ለአማራ ክልል 560 ያህል ይደርሱታል፤ ስሕተቱ ከመቶ 4 ይሆናል። ለሰሜን ሸዋ 60 ያህል ይደርሰዋል፤ ስሕተቱ 13 ደረሰ። ከመቶ 55 «ደግፈዋል» ቢባል ትክክለኛው 42ም 68ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለእኛ ለመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳማ አንድ ሁለት ሰው ነው! በተግባር ደግሞ አፍሮባሮሜትር በአንድ የቆጠራ ቦታ ስምንት ሰው ስለሚጠይቅ ወይ ስምንት ሰው ይደርሰናል ወይ ማንም አይደርሰንም። ስለዚህ «በጥናት ተረጋግጧል፣ የመንዝ ሕዝብ እንዲህ ይላል» የሚል ነገር ሰምታችሁ እንደ ሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት የአገሩን ናሙና ሳይሆን የመንዙን ናሙና ነው።

ይህ ሁሉ ለዕጩ መምህር ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። በ1999ኙ ቆጠራ ቤት ለቤት የዞሩት በብዛት መምህራን ነበሩ፤ ነገም መጠይቅ የሚሞላ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው መምህሩ ነው። በገጠር ቀበሌ መምህር የመንግሥት ሰው ነው ተብሎ ይታያል፤ ወደድንም ጠላንም። እኛ ስንደውል የሚሰማው የእኛ ድምፅ ብቻ አይደለም።

የቤት ሥራዬን ከፋሲካ መልስ አስተካክዬ ጻፍኩት። ከ«አዎ» እና «አይደለም» ሌላ «አላነሣም»፣ «አላውቅም»፣ «አልመልስም» የሚሉ ዓምዶች ጨመርኩበት። መቶኛውን ካነሡት ሳይሆን ከደወልኩላቸው ሁሉ ሳሰላው ያ የሚያምረው ቁጥሬ ወረደ። ስልኬ ላይ የተመዘገቡት ደግሞ ዘመዶቼና የክፍል ጓደኞቼ ስለሆኑ በዕጣ የወጣ ሰው አንድም እንደሌለ ከሰንጠረዡ ሥር ጻፍኩ። መምህራችን አዩና «ደግ፤ አጎትሽንስ የትኛው ዓምድ ውስጥ አገባሻቸው?» አሉኝ። ለጊዜው በእርሳስ «ደኅና ነው በይ» የሚል ሌላ ዓምድ ከጎን አስምሬ እዚያ አስቀምጫቸዋለሁ።