ሌሊት እጅ የሚደነዝዘው ለምንድነው? ስለ እጀታ ትንሽ እናውራ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "ዶክተር፣ ሌሊት እጄን ይደነዝዘኛል፤ ነርቭ ነው ወይስ ደም ግፊት?" የሚሉ ናቸው። መልሱን ዛሬ ከራሴ ቤት ልጀምር።

እናቴ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ነው የምትኖረው። እንሰት እየፋቀች ነው ያሳደገችን። ባለፈው ዓመት ቀኝ እጇ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳት ጀመር። ተነስታ ታራግፈዋለች፣ ሲሻላት ትተኛለች። እኔስ ምን አደረግኩ? ዲክሎፌናክ ሰጠኋት። ሲያልቅ ደገምኩላት። ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ደግሞ ኦሜፕራዞል ጨመርኩ። ለማላውቀው ታካሚ የማቀርበውን ጥያቄ፣ "በእጅሽ ምን ስትሠሪ ነው የሚብስብሽ?" የሚለውን፣ የገዛ እናቴን ሳልጠይቃት ወራት አለፉ።

ነገሩ የገባኝ ለያሆዴ ቤት ስሄድ ነው። ለአተካናው ቡላ ያስፈልጋል፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በደቦ እየፋቁ ደረስኩ። ከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ፦ ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አድርጋ በእግሯ ትይዘዋለች፣ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። በሺህ የሚቆጠር ምልልስ ነው። የእናቴን መፋቂያ ተቀብዬ ያዝኩት። ቀጭን ነው፣ ጠርዙ መዳፍ ይቆርጣል፣ በእንሰቱ ውሃ ደግሞ ያሟልጫል። እንዳያመልጣት አጥብቃ ትጨብጣለች፤ ስትጨብጥም አንጓዋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

አሁን ወደ ሕክምናው። በእጃችሁ አንጓ በመዳፍ በኩል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ታቹ አጥንት ነው፣ ላዩ ጠንካራ ሽፋን። በውስጡ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ጅማቶቹ በሥራ ብዛት ሲያብጡ ወይም አንጓው ታጥፎ ሲቆይ የሚጨነቀው ነርቩ ነው። ይህ ነርቭ የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስለሚያገለግል መደንዘዙ እነዚህ ላይ ይሆናል፤ ትንሿ ጣት ትተርፋለች። ሌሊት የሚብሰው ስንተኛ አንጓችንን ሳናውቀው ስለምናጥፍ ነው። ሕመሙ ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል። ስኳር፣ የእንቅርት (ታይሮይድ) ሆርሞን ማነስ፣ እርግዝናና ውፍረትም ያጋልጣሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በሥራ ብቻ አናሳብም።

አንድ ነገር አሁኑኑ ሞክሩ። አንጓችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጡጫ ጨብጡ። ቀጥሎ አንጓችሁን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጨብጡ። ጉልበቱ የት ሄደ? መጥፎ እጀታ የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በዚህ በተዳከመ ጭብጥ ነው፤ የጎደለውን ለመሙላት ጅማቶቹን ያስጨንቃል።

ታዲያ ጥሩ እጀታ ምን ዓይነት ነው? ለጉልበት ሥራ የሚመከረው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ነው። ማስመሪያ አያስፈልጋችሁም፦ እጀታውን ስትጨብጡ የአውራ ጣታችሁና የመሃል ጣታችሁ ጫፎች ለመነካካት ጥቂት ቢቀራቸው ወይም በትንሹ ቢነካኩ ልክ ነው። ጥፍራችሁ የራሳችሁን መዳፍ የሚወጋ ከሆነ ቀጥኗል። በጣቶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ ደግሞ ወፍሯል፤ ወፍራሙም እንደ ቀጭኑ ያደክማል። ርዝመቱ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይሁን፣ 12 ቢሆን ይሻላል፤ አጭር እጀታ ጫፉ መዳፍ መሃል ገብቶ ነርቭ ይጫናል። ገበያ ላይ የጣት ቅርጽ የተቀረጸባቸው እጀታዎች ታያላችሁ። አትታለሉ፤ የሚስማሙት ጣቱ ከቅርጹ ጋር ለገጠመለት ሰው ብቻ ነው፣ ሌላውን ይቆረቁራሉ።

ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በባህላዊ ቀስት የሚተኩሱ ሰዎች የቀስቱን መያዣ በቆዳ ወይም በገመድ እየጠቀለሉ ለመዳፋቸው ልክ ያደርጉታል። የኛ አናጢዎችም የመጥረቢያ ዛቢያ ሲጠርቡ ደጋግመው እየጨበጡ ነው የሚለኩት። የሴቶች መሣሪያ ላይ ሲደረስ ግን ይህ ጥንቃቄ የት እንደሚጠፋ አላውቅም።

የእናቴን መፋቂያ ለማስተካከል የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። ከቦርሳዬ ባንዴጅ አውጥቼ ጠቀለልኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ርሶ ተንሸራተተ፣ ሴቶቹም ሳቁብኝ። ልክ ነበሩ፤ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ይሻግታል፣ ለምግብ ሥራም ንጹህ አይደለም። መፍትሔውን ያመጣችው አክስቴ ናት፦ ቃጫ። መጀመሪያ የሚቆርጠውን ጠርዝ፣ እጅ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ፣ በቢላዋ አለዘብነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ከዚያ ቃጫውን አጥብቀን እየጠቀለልን አወፈርነው፤ በየዙሩ እናቴ ትጨብጠዋለች፣ "ጨምሩ" ወይም "በቃ" ትላለች። በላዩ ላይ ያረጀ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቀደን፣ ታጥበንና እየወጠርን፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን በግማሽ እየሸፈነ ጠቀለልን። ላስቲክ ሲረጥብም አያመልጥም፣ ሥራው ሲያልቅም ይታጠባል። ሚስማር አልተጠቀምንም። የሚፍቀውን ስለት አልሸፈንነውም። ላስቲክ ቆዳው ላይ ማሳከክ ወይም ሽፍታ የሚያመጣበት ሰው ግን በቃጫው ብቻ ይብቃቃ።

እጀታው ብቻውን ግን ፈውስ አይደለም። ሌሊት አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ (ስፕሊንት) አሠርን፤ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስኳሯንና ታይሮይዷን አስመረመርን። ዲክሎፌናኩን አቆምን። ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እየገዛችሁ ለወራት የምትውጡ፣ እባካችሁ፤ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የተጨነቀውን ነርቭ ግን አያላቅቀውም።

የባጃጅ ሹፌሮች፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ያላችሁ፣ የናንተ ደግሞ ትንሽ ይለያል። የግራ እጃችሁ ፍሪሲዮን እየጨበጠ ማርሽ ያዞራል፣ በዚያ ላይ ንዝረቱ አለ። የእጀታው ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከወጣ ቀይሩት። ስትቀይሩ ግን በጣም አታወፍሩት፤ ጣታችሁ ፍሪሲዮኑ ላይ በደንብ መድረስ አለበት። የሚደነዝዛችሁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ የተጫነው ሌላ ነርቭ ነው፤ መዳፋችሁን እጀታው ላይ አስደግፋችሁ እንደምትነዱ ወይም ክርናችሁን ለረጅም ጊዜ እንደምታስደግፉ እዩ።

ወደ ሐኪም መሄድ የማይዘገይባቸው ሁኔታዎች አሉ። መደንዘዙ ሌሊት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቀንም ካልለቀቃችሁ፣ ሲኒ ከእጃችሁ እየወደቀ ካስቸገራችሁ፣ ወይም በአውራ ጣት ግርጌ ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ጋር ሲተያይ ከከሳ ነርቩ እየተጎዳ ነውና ቶሎ ታዩ። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከባድ አይደለም፣ ግን ከዘገየ የሞተው ጡንቻ ላይመለስ ይችላል። በድንገት አንድ እጅ ቢዝል፣ ፊት ቢጣመም ወይም አንደበት ቢተሳሰር ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

እናቴ በሁለተኛው ወር ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምራለች። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ቡላ ስትጨምቅ በዋለችበት ቀን፣ ጣቶቿን ውርር ይላታል። ሁለት ጎረቤቶቻችን መፋቂያቸውን ይዘው መጥተው አክስቴ ጠቅልላላቸዋለች። አሁን የቀረን የቆጮ መክተፊያ ቢላዋዋ ነው፤ እጀታው እንደ እርሳስ የቀጠነ። እሱን ግን ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።