ለፈጣኗ ባዝራ የተመረጠው ድንጉላ

አሰልጣኝ የማይሆን አጥቂ ካስፈረመ በጥር ወር ይሸጠዋል። የእሽቅድምድም ፈረስ አርቢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ባዝራዋን ለድንጉላው ከሰጠ በኋላ 11 ወር እርግዝና፣ ከዚያም ውርንጭላው ለውድድር እስኪደርስ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

የሳዑዲው ልዑል ካሊድ አብደላ ካይንድ የምትባል ባዝራ ነበረቻቸው። በ1 ሺህና በ1 ሺህ 200 ሜትር ጥይት ነበረች። ታዲያ ማን ይሁንላት? ሌላ አጭር ርቀት ሯጭ ቢሰጣት የሚወለደው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የተላከችው ወደ ጋሊሊዮ ነው፤ በ2001 የእንግሊዙን ደርቢ 2 ሺህ 400 ሜትር ሮጦ ያሸነፈው ድንጉላ።

ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው! ዝነኛው ኖርዘርን ዳንሰር ለጋሊሊዮ አያቱ፣ ለካይንድ ቅድመ አያቷ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ያፈርሱት ነበር። በፈረስ ግን እጅግ ካልተቀራረበ የጥሩ ሯጭ ደም ከሁለት ወገን ሲመጣ ብዙ አርቢዎች ይወዱታል።

በየካቲት 2008 ፍራንክል ተወለደ። 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም አሸነፈ። የእናቱን ፍጥነት ይዞ በ2011 የ1 ሺህ 600 ሜትሩን ቱ ታውዘንድ ጊኒስ በስድስት ፈረስ ርዝመት ወሰደ። የአባቱ ትንፋሽ የታየው ደግሞ በ2012 ዮርክ ላይ ነው፤ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ሮጦ ተከታዩን በሰባት ርዝመት ጥሎት ገባ።

ቀመሩ ተገኘ ማለት ነው? ካይንድ ፍራንክልን በወለደችበት ዓመት እንደገና ወደ ጋሊሊዮ ሄዳ በ2009 ኖብል ሚሽንን ወለደች። ያው አባት፣ ያቺው እናት። እሱም ጎበዝ ነው፤ በ2014 ሻምፒየን ስቴክስን በልቷል። ግን እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ ተሸንፏል!