ሕንፃ «ብልህ» የሚሆነው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዋይትዋተር በተባለች ከተማ፣ ዋረን ጆንሰን የተባሉ ሰው በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። አገሩ ብርዳም በመሆኑ ክፍሎቹ የሚሞቁት ከሕንፃው ምድር ቤት በሚመጣ ሙቀት ነው። ይሁን እንጂ ከታች ያለው ሠራተኛ የክፍሎቹን ሁኔታ የሚያውቀው በየጊዜው እየወጣ፣ ትምህርቱን እያቋረጠ፣ የሙቀት መለኪያውን ሲያይ ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ምድር ቤት ተመልሶ የሙቀቱን መተላለፊያ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በዚህ የተቸገሩት መምህር፣ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ለሠራተኛው በኤሌክትሪክ ደወል የሚያስታውቅ መሣሪያ ሠሩ። በ1883 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙበት፤ በ1885ም በዚሁ ሥራ የተሰማራ ኩባንያ አቋቋሙ።

ዛሬ «ብልህ ሕንፃ» የሚባለው ቴክኖሎጂ መሠረታዊ ሐሳብ በዚያች ደወል ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሐሳብ ምን እንደሆነ፣ ለድርጅቶች፣ ለከተሞችና ለነዋሪዎች ምን እንደሚጠቅም፣ እንዲሁም ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው እንመለከታለን።

የግብረ መልስ ምሥጢር

ሰውነታችን ሲሞቀው ያልባል፤ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። ይህን የሚያደርገው የራሱን ሙቀት ያለማቋረጥ እየለካ፣ ሊኖረው ከሚገባው መጠን ጋር እያነጻጸረ፣ ልዩነቱን የሚያጠብብ እርምጃ ስለሚወስድ ነው። መሐንዲሶች ይህን ዑደት «ግብረ መልስ» ይሉታል። በሕንፃም ውስጥ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የሚለካ ሴንሰር፣ የሚያነጻጽርና የሚወስን ተቆጣጣሪ፣ ውሳኔውን የሚፈጽም ሞተር ወይም ቫልቭ ናቸው። በጆንሰን ደወል ዘመን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሥራዎች የሚያከናውነው ሰው ነበር። ዛሬ ግን ዑደቱ ያለ ሰው እጅ ይዞራል፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥም በሺህ የሚቆጠሩ ዑደቶች በኮምፒዩተር መረብ ተያይዘው ይሠራሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 200 ተማሪዎችን የሚይዝ የመማሪያ አዳራሽ አለ እንበል። ሰዎች ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። የውጭ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በተጨናነቀና በተዘጋ አዳራሽ ግን መጠኑ ከ1,000 እጅ በላይ ይደርሳል። ይህም የአየሩ ልውውጥ ለተሰበሰበው ሰው በቂ አለመሆኑን ያመለክታል። በተለመደው አሠራር የአየር ማራገቢያው አዳራሹ ቢሞላም ባዶ ቢሆንም በአንድ ፍጥነት ሲሽከረከር ይውላል። ሴንሰር ካለ ግን ሰው ሲበዛ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሰው ሲቀንስ ይቀንሳል።

ትርፉ ከምንገምተው በላይ ነው። በአንድ የአየር መተላለፊያ ውስጥ የሚነፍሰው አየር መጠን ከማራገቢያው ፍጥነት ጋር እኩል ሲያድግ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ግን በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብናወርደው የኃይል ፍጆታው ወደ 51 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በግማሽ ብንቀንሰው ደግሞ የሚፈለገው ኃይል አንድ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። የአየሩ ንጽሕና ሳይጓደል ገንዘብ የሚድነው በዚህ ሕግ ነው።

ከኮምፒዩተሩ በፊት መስኮቱ

ብዙዎቻችን ብልህ ሕንፃ ስንባል የሚታየን አዲስ፣ በመሣሪያ የተሞላ ሕንፃ ነው። በ1931 የተሠራው የኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ2009 ይፋ በሆነው የእድሳት ዕቅድ የዚህን ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ የኃይል ፍጆታ በ38 በመቶ ለመቀነስ ታለመ። ከሥራው ተቋራጮች አንዱ ያው ጆንሰን ያቋቋሙት ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ ያተኮሩት በመስኮቶቹ ላይ ነበር። ወደ 6,500 የሚጠጉት መስኮቶች ተነቅለው፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ በተቋቋመ ወርክሾፕ በመስታወቶቻቸው መካከል ስስ ፊልም ተወጠረ፤ ክፍተቱም ሙቀትን በቀላሉ በማያስተላልፍ ጋዝ ተሞላ። ከማሞቂያዎቹ ጀርባ ደግሞ ሙቀትን ወደ ክፍሉ የሚመልስ አንጸባራቂ መከላከያ ተለጠፈ። በዚህ ምክንያት የማቀዝቀዝ ፍላጎቱ በመቀነሱ፣ ግዙፎቹን ማቀዝቀዣዎች በአዲስ መተካት ቀርቶ ማደሱ በቃ። ሴንሰሮቹና ተቆጣጣሪዎቹም የዚሁ ሥራ አካል ሆኑ፤ ተከራዮችም የየራሳቸውን ፍጆታ የሚያዩበት ሥርዓት ተዘረጋ። ፍጆታውን በዐይኑ የሚያይ ተከራይ መብራት ለማጥፋት አስታዋሽ አያሻውም።

ከዚህ የምንማረው ቅደም ተከተሉን ነው። በመጀመሪያ ሕንፃው የሚያስፈልገውን ኃይል መቀነስ፣ ቀጥሎ የቀረውን በብልሃት መቆጣጠር። ሙቀት የሚያሾልክ ግድግዳ ይዞ ሴንሰር መግጠም በቀዳዳ እንስራ ውኃ እየቀዱ መጠኑን እንደ መለካት ነው።

ለከተማ ምን ይጠቅማል?

የኤሌክትሪክ ማመንጫና ማሠራጫ የሚገነባው ለአማካይ ቀን ሳይሆን ፍላጎት ጣሪያ ለሚነካባት ሰዓት ነው። ሕንፃ ደግሞ ሙቀትና ቅዝቃዜን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ የመቆየት ባሕርይ አለው፤ የኮንክሪት ወለልና ግድግዳ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ስለሆነም አንድ ሕንፃ አስቀድሞ ቀዝቅዞ በከፍተኛው ሰዓት ማቀዝቀዣውን ለጥቂት ጊዜ ቢያቆም በውስጡ ያሉት ሰዎች ላያስተውሉት ይችላሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ይህን በቅንጅት ሲያደርጉ ግን ከተማዋ ጫናው ይቀልላታል። የኒው ዮርክ ከተማ ከበካይ ጋዞቿ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመነጨው ከሕንፃዎች በመሆኑ፣ በ2019 ባወጣችው ሕግ ወለላቸው ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ በሆኑ ሕንፃዎች ላይ ከ2024 ጀምሮ የልቀት ጣሪያ ጥላለች። ያልለካ ባለንብረት ሕጉን ማክበሩን ሊያረጋግጥ አይችልም።

የነዋሪው ጥያቄ

ሰው መኖሩን የሚያውቅ ሴንሰር፣ መቼ እንደገባንና መቼ እንደወጣንም ያውቃል። ታዲያ መረጃው የማን ነው? ማን ያየዋል? ለምን ያህል ጊዜስ ይቀመጣል? እነዚህ ከቴክኖሎጂው ተለይተው የሚታዩ ጥያቄዎች አይደሉም። የደኅንነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ላይ በደረሰው ጥቃት የ40 ሚሊዮን ገደማ የክፍያ ካርዶች መረጃ ተሰርቋል። ሌቦቹ ወደ ድርጅቱ መረብ የገቡት ከአንድ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነበር። ከመረብ ጋር የተያያዘ በር ሁሉ ቁልፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በተጨማሪም ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ በር የሚከፈትበትና መብራት የሚበራበት የእጅ መቆጣጠሪያ ሊቀር አይገባም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ፣ ቀኗም በአብዛኛው ለዘብ ያለ ከተማ ናት። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከተሞች የሚለይ ጸጋ አላት ማለት ነው። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነና ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሕንፃ የከሰዓት በኋላዋን ዝቅ ያለች ፀሐይ እየሰበሰበ ራሱን ያሞቃል፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። በዚህ ሕንፃ ላይ የሚገጠም ኮምፒዩተር የሚያርመው ንድፉ የፈጠረውን ስሕተት ነው። በትክክለኛ አቅጣጫ የቆመ፣ ጥላ ያለውና መስኮቱ የሚከፈት ሕንፃ የብልህነቱን ግማሽ መንገድ ያለ አንዲት ሴንሰር ተጉዟል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ብንጠቁም ደስ ይለናል። በትምህርት ቤታችሁ ፀሐይ በተለያየ አቅጣጫ የምታገኛቸውን ሁለት ክፍሎች ምረጡና ለአንድ ሳምንት ሙቀታቸውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በተራ ቴርሞሜትር መዝግቡ። ከዚያም ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ተወያዩ። ዋረን ጆንሰንም የጀመሩት ከዚህ በተለየ ነገር አልነበረም። ካስቸገራቸው ክፍል ተነሥተው የሚለካበትን መንገድ ፈለጉ፤ ደወሉም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።