ሊንከርና የጎደለው ስም

ኮምፓይለሩ ፋይሉን ሁሉ ያለ ቅሬታ ጨርሶ፣ ግንባታው ሊያበቃ ሲል አንድ መስመር ብቅ ይላል፦ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ ቱ ስኩርት»። ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። ይህን የሚለው ከኮምፓይለሩ ቀጥሎ የሚመጣው ሊንከር ነው።

ኮምፓይለር በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ስኩዌር ሩት የሚያሰላውን «ስኩርት» ቢጠራና የፈንክሽኑ አካል እዚያ ባይኖር፣ ስሙን መዝግቦ አድራሻውን ክፍት ይተወዋል። ሊንከር ፋይሎቹንና ላይብረሪዎቹን ሰብስቦ ስምን ከአድራሻ ያገናኛል። በሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን የያዘው የግኑ «ኤልዲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ 1.0 የደረሰው የሩዊ ኡዬያማ «ሞልድ» በፍጥነቱ ወዳጅ አፍርቷል። የሚገጥሙት ስህተቶች ግን በዓይነታቸው ይቀራረባሉ፤ እዚህ የተጠቀሱት መልእክቶች የ«ኤልዲ» ናቸው።

የመጨረሻው መስመር «ኤልዲ ሪተርንድ 1 ኤግዚት ስታተስ» ይላል፤ ከእሱ ምንም አይገኝም። መነበብ ያለበት ከላይ ያለው የመጀመሪያው ስህተት ነው።

«ካኖት ፋይንድ» ካለ ላይብረሪውን ራሱን አጥቶታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ኦፕን ኤስኤስኤል እኮ ማሽኔ ላይ አለ!» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይብረሪውን በሁለት ፓኬጅ ይከፍሉታል፦ አንዱ የተሠራ ፕሮግራም ለማስኬድ፣ ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቀው ለመገንባት። የጎደለው ሁለተኛው ነው። ፌዶራ ላይ «ዴቭል» ይባላል።

«አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። «ኤልዲ» ትዕዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። «ስኩርት» ያለበት የሒሳብ ላይብረሪ ከፋይሉ በፊት ከተጻፈ፣ እስካሁን የጎደለ ስም ስላላየ አልፎት ሊሄድ ይችላል፤ ቆይቶ «ስኩርት» ሲመጣ ወደ ኋላ አይመለስም። ኡቡንቱ ከ11.10 ጀምሮ ይህን ጥብቅነት ፕሮግራሙ ሲነሳ ለሚጫኑት ሼርድ ላይብረሪዎችም ስላደረገው፣ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሜክፋይል እዚያ ሊወድቅ ይችላል። ላይብረሪውን ወደ መስመሩ መጨረሻ ማዛወር ይበቃል።

ተራው ተስተካክሎም እምቢ ካለ፣ «ኤንኤም» የተባለው መሣሪያ ላይብረሪውን ገልጦ ያሳያል። ከስሙ ጎን «ቲ» ካለ ፈንክሽኑ እዚያ አለ፤ «ዩ» ካለ ላይብረሪው ራሱ ከሌላ ቦታ እየጠበቀው ነው። ኮዱ በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈ፣ በጎደለው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል መኖር አለመኖሩን ማየት ያሻል። ጂሲሲ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 የስትሪንግን ውስጣዊ አሠራር ሲለውጥ አዲሱን በዚህ ምልክት ለይቶታል። ላይብረሪው በአሮጌው፣ ፕሮግራሙ በአዲሱ ከተሠሩ ስማቸው አይገጥምም። ቢገጥም ኖሮ ፕሮግራሙ ተነስቶ ሜሞሪውን ሊያበላሽ ይችል ነበር፤ ለእኔ የሊንከር ትልቁ ውለታ ይህ እምቢታው ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ኮምፓይለር እንደገና መገንባት ይሻላል።

ግንባታው አልቆ ፕሮግራሙ ሲነሳ «ካኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ካለ ግን ጉዳዩ ከሊንከሩ እጅ ወጥቷል፤ የሚናገረው ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪዎችን የሚጭነው ሎደር ነው። የትኛው እንደጠፋ «ኤልዲዲ» ያሳያል። ላይብረሪው «ዩኤስአር ሎካል» ስር ገና የተጫነ ከሆነ፣ «ኤልዲኮንፊግ»ን በአስተዳዳሪ መብት አንዴ ማስኬድ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።