የሚሰርግ ቀለም፣ የሚያርፍ ቀለም

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ንብረት የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1280/81 እንደተዘጋጀ በውስጡ ካለው ማስታወሻ የሚታወቀው ወንጌል፣ ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከታወቀ ባለሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ሲሆን፣ ከ1248 ጀምሮ የገዳሙን ትምህርት ቤት ያደራጁት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ምስልም በገጾቹ ላይ ተሥሎ ይገኛል። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም የዚህ መጽሐፍ ፊደል ይነበባል። በአንጻሩ ዛሬ ተማሪዎችና ወጣት ሠዓሊያን ለሥዕልና ለጌጥ ጽሕፈት የሚጠቀሙበት የውኃ ቀለም ብሩሽ ማርከር፣ ማለትም ጫፉ እንደ ብሩሽ የሚለጠጥና ቀለሙን በሆዱ የሚይዝ እስክሪብቶ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት በወራት ውስጥ ሊገረጣ ይችላል። ሁለቱም ቀለሞች በውኃ የተበጁ ስለሆኑ፣ የዕድሜያቸው ልዩነት የሚመነጨው ውኃው ከተሸከመው ነገር ነው።

የጥንቱ ጥቁር ቀለም ዋና አካል ካርቦን ነው። አዘጋጆቹ ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸትን እስኪከስል ከተቆላ እህል ጋር ወቅጠውና አልመው፣ በውኃ ካሹት በኋላ የግራር ሙጫ ጨምረውበት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲብላላ ያቆዩት ነበር። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ባሳተሙት ጥናት በሰፊው የመዘገቡት ይህ ሙያ ከቦታ ቦታና ከመምህር መምህር ቢለያይም፣ ጥላሸት፣ ሙጫና ውኃ የሚለው መሠረቱ ግን አይለወጥም። ጥላሸት ብቻውን ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የሙጫው ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ግን እያንዳንዱን ቅንጣት ስለሚሸፍኑት ከጎረቤቱ ርቆ እንዲንሳፈፍ ያደርጉታል፣ ውኃው ሲተንም ደርቀው ከቆዳው ጋር ያጣብቁታል። በመላው ዓለም ያሉ ሠዓሊያን የሚያውቁት የውኃ ቀለም ማያያዣም ይኸው የግራር ሙጫ ስለሆነ፣ ጸሐፊው መሬት ላይ በሚተክለው ቀንድ ውስጥ የነበረው ጥቁር ቀለም በአሠራሩ እውነተኛ የውኃ ቀለም ነበር ማለት ይቻላል። ካርቦን በተለመደ ሙቀት ከብርሃንም ሆነ ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፤ የጥቁሩ ጽሕፈት ጠላት እርጥበት እንጂ ብርሃን አይደለም፣ ምክንያቱም ሙጫው ዳግመኛ ውኃ ሲያገኝ ይላላል።

ማርከሩ በብዛት የሚይዘው ሟሚ ቀለምን ነው። ሟሚ ቀለም እንደ ስኳር በውኃ ውስጥ እስከ ነጠላ ሞለኪውል ድረስ የሚበተን ሲሆን፣ የአንዱ ሞለኪውል ስፋት ከአንድ እስከ ሁለት ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ፒግመንት የሚባለው የማይሟሟ የቀለም ቅንጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚገዝፍ፣ በማርከሩ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች የመዝጋት አደጋ አለው። በማርከሩ ሆድ ውስጥ ቀለም የጠጣ የሰው ሠራሽ ክሮች ጥቅል ይገኛል፤ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ ፈሳሹ ያለ ምንም መግፊያ እስከ ጫፉ ይሳባል። ይህ ካፒላሪ የሚባለው ስበት የሚፈጠረው ፈሳሹ ከመተላለፊያው ግድግዳ ጋር ባለው መሳሳብና በገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም የፈሳሹ ገጽ እንደተወጠረ ስስ ቆዳ እንዲሆን በሚያደርገው ኃይል፣ አማካይነት ነው። አምራቾች ቀለሙ ወረቀቱን ቶሎ እንዲያርስ የገጽ ውጥረቱን የሚቀንስ ንጥረ ነገር፣ ጫፉ እንዳይደርቅ ደግሞ እንደ ግሊሰሪን ያለ እርጥበት ያዥ ይጨምሩበታል። የዚህ መሣሪያ ቤተሰብ የመጣው ከጃፓን ሲሆን፣ ፔንቴል የተባለው ኩባንያ በ1963 ባለ ክር ጫፍ እስክሪብቶውን፣ የናራ ከተማው ኩሬታኬ ደግሞ በ1973 የብሩሽ እስክሪብቶውን ለገበያ አቅርበዋል።

ጫፉ ወረቀት ሲነካ ሌላ ስበት ይጀምራል፤ የወረቀቱ ክሮችም በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሏቸው ቀለሙን ከማርከሩ ሆድ ይስባሉ። ፈሳሽ በእንዲህ ዓይነት መተላለፊያ የሚጓዘው ርቀት ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ሁለት እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። በተራ የደብተር ወረቀት ላይ የፊደሉ ጠርዝ ፀጉር የሚያበቅለውም ቀለሙ በክሮቹ አቅጣጫ ስለሚሮጥ ነው፤ ለውኃ ቀለም የሚዘጋጀውና በአንድ ካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ግን እንደ ጄላቲን ያለ መጠጣትን የሚያዘገይ ነገር ስለተቀባ፣ ቀለሙ ከመስረጉ በፊት በእርጥብ ብሩሽ ተስቦ እንዲደበዝዝና ከጎረቤቱ ጋር እንዲቀላቀል ጊዜ ይሰጣል። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ በጠርዙ ዙሪያ የሚተወው ጠቆር ያለ መስመር ደግሞ ረከቦት ላይ የተንጠባጠበ ቡና ሲደርቅ የሚታየው ቀለበት ነው። በ1997 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ጠርዙ ላይ የተነነውን ፈሳሽ ለመተካት ከመካከል የሚፈሰው ውኃ ቅንጣቶቹን እየጠረገ ወደ ዳር ያከማቻቸዋል።

ስለ ፊደል አጣጣል ሲነሳ የሁለቱ መሣሪያዎች ጠባይ ፈጽሞ ይለያያል። በቁም ጽሕፈት ቋሚው ጭረት ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን የሚሆነው ጸሐፊው እጁን ስለሚጫን አይደለም፤ የመቃ ብዕር አፉ በጠፍጣፋው ስለሚቆረጥ፣ ወደ ታች ሲሳብ ስፋቱን በሙሉ ያሳርፋል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ግን የአፉን ስስነት ብቻ ይተዋል። የብሩሽ ማርከር ጫፍ ሾጣጣና ተለጣጭ በመሆኑ ውፍረቱን የሚወስነው ግፊት ነው። «በ»ን ለመጻፍ የግራው እግር ጫፉን አስተኝቶ በመጫን ወደ ታች ይወርዳል፣ አናቱን የሚያገናኘው መስመር በጫፉ ሹል ብቻ ሳይጫኑ ይሳባል፣ የቀኙ እግር እንደገና በግፊት ይወርዳል። የ«ቤ» ቀለበት ለብሩሽ ይቀላል፤ የመቃው አፍ ወደ ላይ ሲገፋ ብራናውን ስለሚቧጥጥ ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ጭረት ይገጠማል፣ ብሩሹ ግን ሳይነሣ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ቁም ጽሕፈትን የሚማር ሰው በመጀመሪያ በመቃ ወይም ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ማርከር የፊደሉን አካል ማወቅ ይኖርበታል፤ ገና ከጅምሩ ብሩሽ የያዘ እጅ ውፍረቱን እንደመጣለት ያፈራርቀዋል። ብሩሹ ወደር የሌለው በሐረግ፣ ማለትም በገጹ አናትና ዳር በሚጠላለፈው ጌጥ፣ ላይ ነው። የቢጫው ማርከር ጫፍ የቀዩን ጫፍ ለአፍታ ነክቶ ሲሳብ፣ መስመሩ በቀይ ጀምሮ በብርቱካናማ በኩል አልፎ በቢጫ ያልቃል፤ በጫፉ ላይ የቀረው ቀይም ጥቂት ከተጻፈበት በኋላ ራሱ ይጠራል።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ ግን ሟሚ ቀለም ደካማ ነው። ቀለም ያለው ሞለኪውል ብርሃንን ሲውጥ በሚያገኘው ጉልበት የኬሚካል ትስስሩ ሊበጠስ ይችላል፤ በክሮቹ ውስጥ አንድ በአንድ ተበትኖ የሚገኘው ሟሚ ቀለም ለዚህ ሲጋለጥ፣ በፒግመንት ቅንጣት ውስጥ ግን የላይኞቹ ሞለኪውሎች የውስጦቹን ይከልላሉ። የሐይቅ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር በደጋ አገር መገርጣቱ ይፈጥናል። ፒግመንት የሆነ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ በተደረጉ የኬሚካል ምርመራዎች ከተለዩት መካከል ሲናባር የተባለው ቀይ የሜርኩሪ ማዕድን በብርሃን ሊጠቁር ይችላል፣ ኦርፒመንት የተባለው ቢጫ ደግሞ አርሴኒክ ያለበት መርዝ ነው፤ ከዚህ አንጻር የዛሬ ልጆች መርዛማ ባልሆነ ማርከር ቀለም መማራቸው ትልቅ ዕድል ነው።

የደበዘዘን የብራና ጽሕፈት በማርከር ማድመቅ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ የማርከሩ ውኃ የጥንቱን ሙጫ ያላላል፣ ቆዳውን ያኮማትራል፣ የሰረገው ቀለምም ተመልሶ አይወጣም። እንዲቆይ ለሚፈለግ አዲስ ሥራ ፒግመንት ያለበትን የብሩሽ እስክሪብቶ መምረጥ የሚበጅ ሲሆን፣ በእጅ ያሉትን ማርከሮች መፈተሽም ከባድ አይደለም፤ በአንድ ወረቀት ላይ የሁሉም ቀለሞች መስመር ከተሠመረ በኋላ ግማሹ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈንና ወረቀቱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ይለጠፋል፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፎይሉ ሲነሣ የተሸፈነውና የተጋለጠው ወገን ይነጻጸራል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚገረጡት ሮዝና ሐምራዊ ናቸው፤ እነዚህ ለልምምድ ደብተርና ተዘግቶ ለሚቀመጥ ሥራ ይውላሉ፣ ሳይለወጡ የቆዩት ደግሞ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጽሕፈት ይመረጣሉ።