በአላስካው የዚንክ ማዕድን የአገሬው ሰዎች ድርሻ

ሬድ ዶግ የተባለው የዚንክ ማዕድን የሚገኘው በአላስካ ሰሜን ምዕራብ፣ ናና በሚባለው የኢኑፒያቶች ማኅበር ርስት ላይ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1982 ከካናዳው ኮሚንኮ፣ ዛሬ ቴክ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ሲዋዋል መሬቱን አልሸጠም። ሥራው በ1989 ተጀመረ። ኩባንያው ካፒታሉን እስኪመልስ ድረስ የማኅበሩ ድርሻ 4.5 በመቶ ነበር፤ በ2007 ከተጣራው ገቢ 25 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በየ5 ዓመቱ 5 በመቶ እየተጨመረ እስከ 50 በመቶ እንዲደርስ ተወስኗል።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የአቅርቦቱ ነገር ነው። በቅጥር ቅድሚያ የሚያገኙት የማኅበሩ ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ በሠራተኛው ቀለብና ማዕድኑን ወደ ወደብ በማጓጓዝም የማኅበሩ ድርጅቶች ተካፋይ ሆነዋል።

አደኑም አልተዘነጋም። የኖአታክና የኪቫሊና ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ኮሚቴ አለ። ካሪቡ የተባለው የዱር አጋዘን መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ የጭነት መኪናዎች ይቆማሉ፤ የመርከብ ጭነትም የባሕሩ አደን እስኪያበቃ ይጠብቃል። ወደቡ ከበረዶ ነፃ የሚሆነው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ መታገሥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማንኛውም ላኪ ይገምተዋል።

ያም ሆኖ የኪቫሊና ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚለቀቀው ውሃ ወንዛቸውን እንደሚጎዳ በመግለጽ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ከሰውታል።